በገዛ እግር ተሄዶ የሚንኳኳ በር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ከጎዳና ስለሚነሡ ወገኖች የሚወጡ ዜናዎችን ሳላነብ ያለፍኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። ዜናዎቹ አቀራረባቸው ይለያይ እንጂ ቁጥር አይጠፋባቸውም፤ በዚህ ዙር ይህን ያህል ሺህ ሰዎች ተነሡ፣ ይህን ያህሉ ሥልጠና ወሰዱ፣ ይህን ያህሉ ከቤተሰቦቻቸው ጋር ተቀላቀሉ ይባላል። ቁጥሩን የምጠራጠርበት ምክንያት የለኝም። ነገር ግን በዚያ ቁጥር ውስጥ ሦስት ጊዜ የተቆጠሩ አንድ ሰው አውቃለሁና፣ የሚቆጠረው ነገር ራሱ መቆጠር የነበረበት መሆን አለመሆኑን አንባቢዎቻችሁና ጉዳዩ የሚመለከታቸው ኃላፊዎች አብረውኝ እንዲያስቡበት ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

መተዳደሪያዬ የመድኃኒት ባለሙያነት ነው። ጎጃም በረንዳ አጠገብ ባለች አነስተኛ መድኃኒት ቤት ስሠራ 22 ዓመት ሞላኝ። የሰፈሩን ስም ልብ ላለው ሰው ነገሩ ሁሉ ከስሙ ይጀምራል፤ ከአገር ቤት በአውቶቡስ ተጭኖ መጥቶ መርካቶ የሚወርድ ዘመድ የለሽ ሰው የመጀመሪያ ሌሊቱን የሚያሳልፈው በረንዳ ላይ ነው፤ ለብዙዎችም የመጨረሻ አድራሻቸው ሆኖ ይቀራል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ የብረት በሩን ስስብ፣ ካርቶናቸውን በብብታቸው ይዘው ከደጃፉ ራቅ ብለው የሚጠብቁ አምስት ስድስት ሰዎች አሉ። ቁልፉን ኪሴ እስክከት ድረስ አይቀርቡም። «ደህና ይደሩ ዶክተር» ይሉኛል፤ እኔም «ደህና እደሩ» ብዬ፣ ደህና የሚያድሩበት ሁኔታ እንደሌለ እያወቅሁ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።

ከእነርሱ አንዱ ዕድሜያቸው ከ65 የማያንስ ሽማግሌ ናቸው። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ሰፈሩ ሁሉ «አባባ» ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ጉልበት በነበራቸው ዘመን እህል በረንዳ ኩንታል ይሸከሙ ነበር፤ ወገባቸውን ሲያማቸው ጋሪ ወደ መግፋት ዞሩ፣ ቀጥሎ ዕቃ ጥበቃ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም። ያድሩ የነበረው በደባልነት በተጠጉበት የቀበሌ ቤት ነው። ቤቱ ለልማት ሲፈርስ ተከራይዋ ምትክ ቤት አገኘች፤ አባባ ግን ስማቸው ውል ላይ ስላልነበረ፣ የፈረሰባቸው ነገር መኖሩ እንኳ በወረቀት አልሰፈረም። በደረት ኪሳቸው በፌስታል ተጠቅልላ የምትኖር አንዲት መታወቂያ አለቻቸው። አንድ ቀን ለጉልበታቸው ቅባት ሊገዙ መጥተው ከብሮቹ ጋር አብራ ስትወጣ አየኋት፤ ፎቶግራፉ በላብ ታጥቦ የቀረው አንድ ጆሮና የኮት ክሳድ ብቻ ነው፤ ማኅተሙ ላይ የሚነበበው ቀበሌም ቀበሌዎች ወደ ወረዳ ሲጠቃለሉ አብሮ የጠፋ ነው። የእኚህን ሰው ማንነት የሚመሰክረውን ብቸኛ ሰነድ የሰጠው መሥሪያ ቤት ዛሬ የለም ማለት ነው።

አባባ መጀመሪያ ሲነሡ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ነበር። አውቶቡስ ቆመ፣ ውጡ ተባለ፣ ተጫኑ። የተወሰዱበት ማቆያ ምግብም ፍራሽም ነበረውና ስለ እርሱ አላማረሩም። የቸገራቸው መውጫው ነው። ሥልጠናው የተዘጋጀው ለወጣቶች ነው፤ ኮብልስቶን፣ እንጨት ሥራ፣ ልብስ ስፌት፤ ወገቡ የተሰበረ ሽማግሌ በየትኛውም አይገባም። ስለዚህ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የትውልድ ቦታቸው ተጠየቀ፤ ጎጃም ውስጥ ያለች አንዲት የገጠር ከተማ ስም ሲጠሩ የመሳፈሪያ ገንዘብ ተሰጥቷቸው ተሸኙ። በሪፖርቱ ላይ «ከቤተሰቡ ጋር የተቀላቀለ» ተብለው እንደሰፈሩ እገምታለሁ። ቤተሰብ የተባለው ከ40 ዓመት በፊት የተለዩት ታላቅ ወንድማቸው ሲሆን፣ መሞቱን የሰሙት እዚያ ሲደርሱ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ደጃፌ ላይ ነበሩ። በሁለተኛው ጊዜ ያን ያህል እንኳ አልራቁም፤ ማቆያው ሲጣበብ ዕድሜያቸው የገፋውንና ሥልጠና የማይወስዱትን አሰናበተ። ሦስተኛው ባለፈው ዓመት አንድ ትልቅ ስብሰባ ሰሞን ነበር፤ እንግዶቹ በሄዱ በሳምንቱ በሩ ተከፈተ፣ ሂዱ ያላቸውም ቆዩ ያላቸውም አልነበረም። በሦስቱም ጊዜ «ተነሣ» ከሚለው ዓምድ ሥር አንድ ጭረት ጨምረዋል፤ «ተመለሰ» የሚል ዓምድ ስለመኖሩ ግን እስከ ዛሬ በአንድም ዜና አላነበብኩም።

ከዚያ በኋላ እኔው ራሴ ይዣቸው ለመሄድ ወሰንኩ። ሰው ሌሊት በአውቶቡስ ተጭኖ የሚገባበት ቦታ፣ ቀን በገዛ ፈቃዱ ሄዶ ቢጠይቅ እንዴት ይከለከላል ብዬ ነበር፤ የዋህነት ነው። በሩ ላይ የነበረው ጥበቃ ትሑት ሰው ነው፤ «ከወረዳ ደብዳቤ ያስፈልጋል» አለን። ወረዳ ሄድን። ባለሙያዋ አዝና አዳመጠችንና፣ ደብዳቤ መጻፍ የምትችለው ለወረዳው ነዋሪ እንደሆነ፣ ነዋሪነትም የሚታወቀው በመታወቂያ እንደሆነ ነገረችን። ወደ መታወቂያ ክፍል ወረድን። እዚያ የቤት ቁጥር፣ እርሱ ከሌለ ደግሞ ከቀድሞ መኖሪያ መሸኛ አምጡ ተባልን። የቤት ቁጥር ያለው ሰው መጠለያ ለምን ይጠይቃል ብዬ ስከራከር፣ ወጣቱ ሠራተኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እውነትዎን ነው፤ ግን ያለ ቤት ቁጥር ሲስተሙ አያሳልፈኝም» አለኝ። አባባ ይህ ሁሉ ሲሆን ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። ስንወጣ «ተወው ልጄ፣ የሥራ ሰዓትህ ሄደ» አሉኝ። ከእነዚህ ቢሮዎች አንዱንም በስም አልጠራም፤ ሦስቱም ሠራተኞች የተሰጣቸውን ቅጽ ተከትለዋል፤ ቅጹን ግን በረንዳ ላይ ያደረ ሰው እንዲሞላው ያሰበ የለም።

ከተማችን ምንም አልሠራችም ብል ሐሰት ይሆናል። በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲዘረጋ፣ ከአካባቢ ልማት ሥራውና ለአቅመ ደካሞች ከሚሰጠው ቀጥታ ድጋፍ ጎን ለጎን ለጎዳና ሕይወት የተዳረጉትን ለማንሣት ታስቦ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ኢንጂነር ታከለ ኡማ ከተማዋን ሲመሩ ደግሞ የአዲስ አበባ ማኅበራዊ ትረስት ፈንድ ተቋቁሞ ሕዝቡም ባለሀብቱም እንዲያዋጣ ተጠይቋል። ከመንግሥት ውጭ ስድስት ኪሎ ያሉት የማዘር ቴሬዛ እህቶች አሉ፤ ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የጀመረው መቄዶንያም ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ይዟል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን መሪ ቃሉን የማያውቅ የለም። እኔ በዚያች ቀን ከቢሮ ቢሮ ስዞር ያየሁት፣ እርዳታ ለማግኘት ግን ሰው መሆን በቂ አለመሆኑን ነው።

አባባን ለምን ወደ መቄዶንያ አልወሰድካቸውም የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጠይቄአቸው ነበር። «እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ አልጋው ለወደቀ ሰው ይሁን» አሉ። ትክክልም ናቸው። አልጋ ላይ የዋለውን፣ ራሱን የማያውቀውን ሰው የሚያነሣ፣ የዕለት ወጪውንም ከሕዝብ ለምኖ የሚሸፍን ድርጅት ቆሞ የሚሄደውን ሁሉ ይሸከም ማለት ግፍ ነው። ቆሞ የሚሄደው፣ የሚያስፈልገው ለጊዜው የአዳር ቦታና ጉዳዩን የሚያስፈጽምለት ሰው ብቻ የሆነው፣ እርሱ የከተማዋ ድርሻ ነበር። በመቄዶንያና በበረንዳው መካከል ግን ምንም የለም።

ከሙያዬ የማውቀውን አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም በዜና ላይ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። ከደጃፌ ከሚያድሩት አንድ ወጣት በየወሩ የሚወጋት፣ ለአእምሮ ሕመም የምትሰጥ የፍሉፌናዚን መርፌ አለችው። የዚህች መርፌ ጥቅም በየቀኑ ኪኒን መዋጥ ለማይሆንለት ሰው ለሳምንታት በሰውነቱ ውስጥ ቀስ እያለች መሥራቷ ነው። ቀኗን ጠብቆ ሲወጋ መኪና ያጥባል፣ ብሩን እኔ ጋ ያስቀምጣል፣ የእግር ኳስ ውጤት ይነግረኛል። አንዴ በአፈሳ ተወስዶ ሁለት ቀጠሮ አለፈው፤ ሲመለስ ባዶ እግሩን ነበር፣ እኔንም አላወቀኝም። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የጀመረም እንዲሁ ነው። መድኃኒቱ በነጻ የሚሰጥ፣ ቢያንስ ለስድስት ወር ሳይቋረጥ የሚወሰድ ነው፤ በመሀል የተቋረጠ እንደሆነ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል፣ ያን ጊዜ ጉዳቱ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቡ ለሚቀመጠው ሰው ሁሉ ይተርፋል። ተነሥተው ከተመለሱት መካከል በሚጫኑበት ጊዜ «የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ካለ ብዬ ብዙዎቹን ጠይቄአለሁ። አንድም አላገኘሁም።

የአዳር ቦታ እንዴት እንደጠፋም መርሳት የለብንም። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ከተወረሱ ወዲህ፣ የከተማዋ ድሃ ሲጠለል የኖረው በቀበሌ ቤቶች ነው፤ በተከራይነት ብቻ ሳይሆን በደባልነት፣ በጥገኝነት፣ ቆጥና ጓዳ በአዳር እየተከራየ ጭምር። አንድ ግቢ ሲፈርስ በመዝገብ ላይ የሚታየው ባለውሉ አባወራ ነው፤ ከኋላው ያሉት ሦስት አራት ሰዎች አይታዩም። በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ምዝገባ ሲደረግ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የታሰበው 10/90 እንኳ መታወቂያና ወርኃዊ ቁጠባ ይጠይቅ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የቀጠለው የኮሪደር ልማት ደግሞ የእግረኛ መንገዱን አስፍቶታል፣ መብራቱንም አብዝቶታል፤ እኔ ራሴ ማታ ስሄድ ደስ ይለኛል፣ ይህን መካድ አልፈልግም። ሆኖም በድሮዎቹ ሱቆች ፊት ለፊት የነበረው የቆርቆሮ በረንዳ አብሮ ሄዷል። በእርሱ ሥር ያድር የነበረው ሰው ቤት ስላገኘ አልተነሣም፤ ወደ ቀለበት መንገዱ ድልድዮች ሥርና ወደ ወንዙ ዳር ተገፋ እንጂ። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ከተማ የታኅሣሥን ሌሊት ወንዝ ዳር ማሳለፍ ምን ማለት እንደሆነ የማይገባው የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሕጉስ ምን ይላል? የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት የኢኮኖሚ አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ የቀሩ ሕፃናትን እንዲረዳና እንዲያቋቁም ያዛል። አንቀጽ 90ም ፖሊሲዎች መኖሪያን ለሁሉም ማዳረስን ዓላማ እንዲያደርጉ ይላል። በሌላ ወገን አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 384/1996 አለ። ቤት የሌለው ሰው በመጀመሪያው ዓይን ሲታይ ባለመብት ነው፤ በሁለተኛው ዓይን ሲታይ ተጠርጣሪ ነው። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ አውቶቡስ ይዞ የሚመጣው ሰው በየትኛው ዓይን እንደሚያይ መናገር አያስፈልግም። ተቋሙን ራሱን የምንጠራበት ቃል ይነግረናል፤ «ማቆያ» እንለዋለን። ማቆያ የሚባለው ደግሞ በገዛ ፈቃድ የማይገባበትና የማይወጣበት ቦታ ነው፤ ከሕግ ውጭ ነጻነትን መንፈግን የሚከለክለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 17 የሚያስጠነቅቀውም ስለዚሁ ነው።

የውጭ አገር ምሳሌ መጥቀስ አንዳንዴ ያሰለቻል፤ ይህኛውን የማነሣው ስለ ውድቀቱም ጭምር ነው። በኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1979 ሮበርት ሄይስ የተባለ ወጣት ጠበቃ ቤት በሌላቸው ወንዶች ስም ከተማዋንና ክፍለ ግዛቷን ከሰሰ። በ1981 በፍርድ ቤት በጸደቀው ስምምነት፣ ከተማዋ ለሚጠይቃት ቤት አልባ ወንድ ሁሉ አልጋ የመስጠት ግዴታ ገባች፤ በኋላም ለሴቶችና ለቤተሰቦች ተዳረሰ። ክሱ በስሙ የሚጠራው ሮበርት ካላሃን ግን ስምምነቱን ሳያይ መንገድ ላይ ሞቶ ተገኝቷል። ዛሬ ያቺ ከተማ አልተሳካላትም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በመጠለያዎቿ ያደሩት ከ100,000 በላይ ደርሰው ነበር፣ ስደተኞች ሲበዙባትም የ30 እና የ60 ቀን ገደብ ማውጣት ጀመረች፤ ሌብነቱንና ድብድቡን ፈርተው ከመጠለያ ይልቅ ባቡር ውስጥ ማደርን የሚመርጡም ብዙ ናቸው። አልጋ ያለ ቤት ሰውን ሲያሽከረክረው እንደሚኖር ከእርሷ መማር ይቻላል። ያም ሆኖ እዚያ ማታ መድረሻ ያጣ ሰው የት ሄዶ እንደሚያንኳኳ ያውቃል፤ በሩን የመክፈት ግዴታ ያለበት ወገንም አለ።

እኔ የምጠይቀው ይህንኑ በር ነው። ከ11ዱ ክፍለ ከተሞች በእያንዳንዱ፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሚከፈት፣ ደብዳቤ የማይጠየቅበት፣ ሰው በገዛ እግሩ ገብቶ ጠዋት በገዛ እግሩ የሚወጣበት አንድ የአዳር ቤት ይኑር። ሕንጻ አቁመን እስክንጨርስ እንጠብቅ አልልም፤ የወረዳ አዳራሾች ሌሊት ባዶ ናቸው፣ ዝናቡ በሚብሰው በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ባዶ ናቸው። ለሴቶችና ለሕፃናት የተለየ ክፍል፣ ውኃ፣ መጸዳጃ፣ ጓዙን የሚያስቀምጥበት የሚቆለፍ ሳጥን፤ የመጨረሻውን እንደ ትንሽ ነገር እንዳታዩብኝ፣ ብዙ ሰው ወደ መጠለያ የማይገባው ያለችውን ብርድ ልብስ ላለማጣት ነው። በሳምንት አንድ ማታ የፋይዳ (የብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ) መመዝገቢያው ወደዚያ ይምጣ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት ማስረጃ የሌለው ሰው በምስክር ሊመዘገብ የሚችልበት መንገድ ስላለ፣ ለአባባ እኔ እመሰክራለሁ፤ 22 ዓመት አውቃቸዋለሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ትምጣና መርፌና ኪኒን ያለበትን ትመዝግብ። ሪፖርት ሲወጣም ስንት ሰው ተነሣ ከሚለው አጠገብ፣ ከተነሣ ዓመት ከሞላው መካከል ስንቱ ጣሪያ ሥር እንዳለ ይጻፍ። ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ያሳፍር ይሆናል። ይጻፍ።

እንዲህ ያለ ቤት ከተከፈተ ከክልል የሚፈልሰው ይበዛል፣ ሰውም ይሰንፋል የሚሉ አሉ። የመጀመሪያውን ሥጋት አልንቀውም። ግን መርካቶ አውቶቡስ ተራ የሚወርደው ልጅ የሚመጣው ሥራ አለ ሲባል ሰምቶ ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ፍራሽ ላይ ለመተኛት ዘመዱንና ቀዬውን የሚተው ሰው በ22 ዓመት አላየሁም። ስንፍናን በተመለከተ ደግሞ፣ ደጃፌ ላይ የሚያድሩት ሰዎች ከእኔ ሁለት ሰዓት ቀድመው ተነሥተው ካርቶናቸውን አጣጥፈው፣ በረንዳውን ጠርገው ነው የሚሄዱት፤ ገሚሶቹ ጭነት ለማውረድ፣ ገሚሶቹ ከሆቴል ጓሮ ቡሌ ለመጠበቅ። ቤት ኪራይ የሚሆን ገንዘብ ስላላገኙ እንጂ ሥራ ጠልተው እንዳልሆነ ለማወቅ አንድ ሳምንት ማለዳ መምጣት ይበቃል።

ጥር ገብቷል፤ የካቲት የእንግዶች ወር ነው። ባለፈው ሐሙስ ማታ በሩን ልስብ ስል አባባ ብርድ ልብሳቸውን አራት አጥፈው በሲባጎ አስረው አመጡና፣ «ስብሰባው መቼ ነው ዶክተር?» ብለው ጠየቁኝ። ቀኑን ነገርኳቸው። ባለፈው ዙር ዕቃቸው ሁሉ በገልባጭ መኪና ተጭኖ ቀርቶባቸዋልና፣ ዘንድሮ ብርድ ልብሱንና መታወቂያዋን እኔ ጋ አስቀምጠው፣ ስብሰባው እስኪያልፍ ሌሊቱን ከመርካቶ ፒያሳ፣ ከፒያሳ መርካቶ እየተመላለሱ ለማንጋት ቆርጠዋል። ጉልበታቸውን አስረው የሚሄዱበት ፋሻ ሰጠኋቸው። ብርድ ልብሱ አሁን ከባንኮኒው ሥር፣ ከግሉኮስ ካርቶኖቹ አጠገብ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመድኃኒት ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ